ከቁጣ ወደ ራስን መመርመር፤ የቤንጋላዊው ፊልም ሠሪ የሚስተር ምሪናል ሴን የሥራ ጕዞ

ሰው ሌላውን መውቀስ ይቀለዋል፤ ራሱን መመርመር ግን ይከብደዋል። ይህም ነገር ለተራው ሰው ብቻ ሳይሆን ለደራሲውም፣ ለሠዓሊውም፣ ለተናጋሪውም ጭምር የሚሠራ ነው። በተለይም ጥበቡን ለድኻው መከራ ምስክር አድርጎ ያቆመ ሰው፣ በደሉ የነዚያ ነው፣ ጥፋቱ ከወዲያ ነው እያለ ጣቱን ወደ ሌላው ሲቀስር ዕድሜውን ሊፈጽም ይችላል። ያንኑ ጣት ወደ ራሱ ቤትና ወደ ራሱ ማዕድ የሚመልሰው ከብዙዎቹ መካከል ጥቂቱ ብቻ ነው። ዛሬ ታሪካቸውን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የካልኩታው ፊልም ሠሪ ሚስተር ምሪናል ሴን ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ ነበሩ።

የሕንድ ፊልም ሲባል አብዛኛዎቻችን ወዲያው የምናስበው ዘፈንና ጭፈራ የሞላበትን፣ ፍቅረኞቹ በአበባ መካከል የሚሯሯጡበትን፣ በመጨረሻም ክፉው ተቀጥቶ ደጉ የሚጋባበትን የቦምቤን ፊልም ነው። በአገራችን ሲኒማ ቤቶች ለብዙ ዘመን ሲታይ የኖረው ይኸው ስለ ሆነ አይፈረድብንም። ነገር ግን በዚያው በሕንድ አገር፣ በምሥራቁ በኩል በቤንጋል፣ ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ሌላ ዓይነት ፊልም ተወልዶ አድጓል። የዚህም ፊልም ዋኖች ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ እነርሱም ሳትያጂት ራይ፣ ሪትዊክ ጋታክና ምሪናል ሴን ናቸው። ከሦስቱ ውስጥ ራይ በረጋ መንፈሳቸውና በሥራቸው ጥራት፣ ጋታክ ደግሞ ቤንጋል ለሁለት በመከፈሏ በደረሰባቸው መሪር ኀዘን ሲታወቁ፣ ሴን የሚታወቁት ከፖለቲካ ጋር ፊት ለፊት በመጋጠማቸውና መንገዳቸውን ደጋግመው ለመለወጥ ባለመፍራታቸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ትውልዳቸውና ወጣትነታቸው

ሚስተር ሴን የተወለዱት ሜይ 14 ቀን 1923 በምሥራቅ ቤንጋል በፋሪድፑር ከተማ ሲሆን፣ ይህች ከተማ ዛሬ የምትገኘው በባንግላዴሽ ግዛት ውስጥ ነው። አባታቸው ጠበቃ ነበሩ፤ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ተነሥታችኋል ተብለው ለሚከሰሱት የነጻነት ታጋዮችም በፍርድ ቤት እየቆሙ ይከራከሩላቸው ነበር። ስለዚህ ልጁ መንግሥትና ሕግ፣ ክስና እስራት የሚባሉትን ቃላት የሰማው ገና ከሕፃንነቱ ጀምሮ በአባቱ ቤት ነው።

በ1940 የፊዚክስ ትምህርት ለመማር ወደ ካልኩታ መጥተው በስኮቲሽ ቸርች ኮሌጅ ገቡ። ከትንሽ ከተማ የመጣ ወጣት በዚያ በታላቅ ከተማ ውስጥ ባይተዋር እንደሚሆን የታወቀ ነው። እርሳቸውም ብቸኝነታቸውን የሚያሳልፉት በቤተ መጻሕፍት ነበርና፣ አንድ ቀን ስለ ፊልም ጥበብ የሚናገር መጽሐፍ እጃቸው ገባ። እንዲህ ሆኖ ወደ ፊልም የገቡት በንባብ በር በኩል ነው። በመጀመሪያ ያወቁት የፊልምን ሐሳብ እንጂ የፊልምን ሥራ አልነበረም፤ ይህም ጠባይ እስከ መጨረሻው አብሯቸው ኖሯል።

በ1943 በቤንጋል ላይ የወረደው ረኃብ ግን ከመጽሐፍ ሁሉ የበለጠ ትምህርት ሆናቸው። በዚያን ጊዜ ጃፓኖች በርማን ስለ ያዙ ከዚያ ይመጣ የነበረው ሩዝ ቀረ፤ እንግሊዞችም ጠላት እንዳይጠቀምበት በማለት በባሕሩ ዳርቻ ያለውን የሩዝ ትርፍና የሕዝቡን ጀልባ ሰበሰቡ፤ በ1942 የተነሣው ዐውሎ ነፋስ ሰብሉን አጠፋ፤ የጦርነቱ ወጪ ዋጋን ወደ ላይ አወጣው፤ ነገ ይወደዳል ብሎ እህሉን የደበቀውም ነጋዴ ብዙ ነበር። ኋላ የኖቤልን ሽልማት ያገኙት የኤኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በጥናታቸው እንዳስረዱት፣ ሕዝቡ ያለቀው እህል ከአገሩ ፈጽሞ ስለ ጠፋ ሳይሆን፣ ዋጋው ከገጠሩ የቀን ሠራተኛና ከዓሣ አጥማጁ አቅም በላይ ስለ ሆነ ነው። የሞተውም ሰው ቍጥር እስከ 3 ሚሊዮን ይገመታል። ከገጠር ወደ ካልኩታ የፈለሱት ረኃብተኞች በየደጁ ቆመው የሚለምኑት ሩዝ አልነበረም፤ ሩዝ የተቀቀለበትን ውሃ ነበር። ወጣቱ ሴን በዚያ ከተማ ሆነው ይህን አዩ። ወደ ሃምሳ ዓመት በሚጠጋው የሥራ ዘመናቸውም ይህ ረኃብ ደጋግሞ እየተመለሰ በፊልማቸው ውስጥ ገብቷል።

በዚያው በ1943 ከኮሙኒስት ፓርቲ ጋር የተያያዘው የሕንድ ሕዝብ ቴአትር ማኅበር ተመሠረተ። በርካታ ወጣት ደራስያንና ተጫዋቾች በማኅበሩ ሲሰበሰቡ ሴንም ከነርሱ ጋር ወዳጅነት አደረጉ፤ ይሁን እንጂ የፓርቲው አባል ከቶ አልሆኑም። ለግራው ወገን ወዳጅ ሆነው፣ ነገር ግን የማንንም ትእዛዝ ሳይቀበሉ መኖርን መረጡ። ይህ ምርጫ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ኋላ እንደምንመለከተው ግን ከወዳጅም ከባላጋራም ወቀሳን አምጥቶባቸዋል።

ለዕለት ጕርሻ ሲሉ የመድኃኒት ኩባንያ ወኪል ሆነው ከሐኪም ወደ ሐኪም ሲዞሩ ቆዩ፤ ይህንንም ሥራ ጠልተው ተዉትና በካልኩታ ፊልም ስቱዲዮ በድምፅ ክፍል ተቀጠሩ። በ1953 ስለ ቻርሊ ቻፕሊን መጽሐፍ ጻፉ፤ የመጽሐፉንም ሽፋን የሣሉላቸው ሳትያጂት ራይ ነበሩ። በዚያው ዓመት ጊታ የምትባለውን የቴአትር ተጫዋች አገቡ፤ ባለቤታቸውም በኋላ በብዙዎቹ ፊልሞቻቸው ውስጥ ተጫውታለች።

ከውድቀት የተጀመረ ሥራ

የመጀመሪያ ፊልማቸው ‹‹ራት ቦሬ›› በ1955 ታየ። በዚያው ዓመት የራይ ‹‹ፓቴር ፓንቻሊ›› ታይቶ በዓለም ሁሉ ሲመሰገን፣ የሴን ፊልም ግን ፈጽሞ ወደቀ። እርሳቸውም ይህን ውድቀት አልሸሸጉም፤ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ድረስ ስለዚያ ፊልም ሲጠየቁ እያፈሩ ይናገሩ ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ ‹‹ኒል አካሼር ኒቼይ›› ማለት ‹‹ከሰማያዊው ሰማይ በታች›› የተባለው ፊልማቸው ወጣ። በ1930ዎቹ ዓመታት በካልኩታ መንገድ ላይ ሐር እያዞረ የሚሸጥ አንድ ቻይናዊ ነጋዴና፣ እንደ ወንድም የተቀበለችው በነጻነት ትግል ውስጥ የነበረች ቤንጋላዊት ሴት ታሪክ ነው። ቻይናዊው በመጨረሻ ጃፓኖች የወረሩትን አገሩን ለመከላከል ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሕዝቡ ይህን ፊልም ወደደው፤ የሕንድና የቻይና ወዳጅነት በተበላሸ ጊዜ ግን ለጥቂት ጊዜ እንዳይታይ ተከልክሎ ነበር። ፊልሙ ያው ነው፤ ቻይናዊውም ያው ነው፤ የተለወጠው የመንግሥታቱ ጠባይ ነው።

ሴን ራሳቸው እንደ እውነተኛ መጀመሪያቸው የሚቈጥሩት በ1960 የሠሩትን ‹‹ባይሼ ስራቦን›› ነው። ስሙ በቤንጋል አቆጣጠር የስራቦን ወር 22ኛው ቀን ማለት ሲሆን፣ ይህም ታላቁ ባለ ቅኔ ራቢንድራናት ታጎር ያረፉበት ቀን ነው። በባቡር ውስጥ ትናንሽ ሸቀጥ እያዞረ የሚሸጥ በዕድሜ የገፋ ሰው አንዲት ወጣት ሴት ያገባል፤ በመጀመሪያ በፍቅር ይኖራሉ፤ ኋላ ግን የ1943 ረኃብ ይመጣባቸዋል። በዚህ ፊልም ውስጥ በመንገድ የወደቀ ሬሳ አይታይም። የሚታየው በባልና በሚስት መካከል የነበረው ርኅራኄና መተሳሰብ ቀን በቀን ሲያልቅ ነው። ረኃብ ሰውነትን ከማክሳቱ በፊት ሰብአዊነትን እንደሚያከሳ ያስረዳል። ይህ አመለካከት በኋላ ለሠሩት ሁሉ ዘር ሆኖ ተቀመጠ።

በ1965 ‹‹አካሽ ኩሱም›› የተባለውን ፊልም ባወጡ ጊዜ በእርሳቸውና በራይ መካከል በካልኩታው ጋዜጣ በ‹‹ዘ ስቴትስማን›› የደብዳቤ ክርክር ተነሣ። ክርክሩ ሀብታም ነኝ ብሎ አንዲት ልጅ ስለሚያታልለው ስለ ድኻው ወጣት፣ ይልቁንም ይህ ታሪክ የዘመኑ ጉዳይ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ነገር ላይ ነበር። ሁለቱ ሰዎች በአሳብ ቢለያዩም መከባበራቸውን አልተዉም። በጋዜጣ ላይ በብዕር መከራከርን እንደ ጠብ የማይቈጥር ከተማ የታደለ ከተማ ነው።

ስለ ባቡሩ ሹም

በ1969 ሚስተር ሴን ከመንግሥቱ የፊልም ገንዘብ ኮርፖሬሽን ጥቂት ብድር አግኝተው ‹‹ቡቫን ሾም›› የተባለውን ፊልም በሂንዲ ቋንቋ ሠሩ። በመሥሪያ ቤት የሚኖር ሰው ሁሉ ይህን ፊልም ቢመለከተው ራሱን ወይም አለቃውን ሳያገኝበት አይቀርም።

ሾም የባቡር መሥሪያ ቤት ከፍተኛ ሹም ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሕጉን ጠባቂ፣ ወዳጅ የሌለው፣ የገዛ ልጁን እንኳ ስላጠፋ ከሥራ ያስወጣ ሰው ነው። አንድ ቀን ዕረፍት ወስዶ ወፍ ለማደን ወደ ጉጃራት ገጠር ይሄዳል። በዚያ በአሸዋው መካከል ከአንዲት የገጠር ልጅ ጋር ይገናኛል፤ እርስዋም ይህን ኮት ለባሽ ሹም ልብሱን አስቀይራ፣ ወፎቹ እንዳይሸሹት እንደ ቍጥቋጦ አድርጋ ታስቀምጠዋለች። በጨዋታም መካከል የምታገባው ሰው የባቡር ቲኬት ተቆጣጣሪ መሆኑንና ሾም የሚባል ክፉ ሹም ሊያባርረው መሆኑን ትነግረዋለች። ሰውየው ጉቦ ተቀብሏል፤ ሾምም የክሱን ወረቀት አዘጋጅቶ ነበር። ወደ ቢሮው ሲመለስ ግን ክሱን ይተወውና ወደ ትልቅ ጣቢያ ያዛውረዋል፤ በትልቅ ጣቢያም ብዙ መንገደኛ ስላለ የጉቦው ገቢ ይበዛል።

ራይ ስለዚህ ፊልም ሲናገሩ ክፉው ሹም በገጠር ቈንጆ ተመከረና ታረመ እንደ ማለት ነው ብለው በጥቂት ቃላት አቃለሉት። የሴን መልስ ግን ሌላ ነበር፤ እኔ የፈለግሁት ሹሙን ለማረም ሳይሆን በደረቅ ሕጉ የታሰረውን ሰውዬ ጥቂት ለማበላሸት ነው አሉ። ይህን ነገር የሚያስተውል ሰው ፊልሙ ቀላል ምክር እንዳልሆነ ይረዳል። ሾም ከሕጉ ወጥቶ ሰው ሆነ፤ ነገር ግን ሰው በመሆኑ የመንግሥት ገንዘብና የመንገደኛው ኪስ ይጎዳል። ሕግ ያለ ርኅራኄ ሰውን ያደርቃል፤ ርኅራኄም ያለ ሕግ ጉቦኛውን ያሳድጋል። ፊልሙ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብሎ አይፈርድም፤ ፍርዱን ለተመልካቹ ይተወዋል። የሕንድ መንግሥት ለዓመቱ ምርጥ ፊልም የሚሰጠውን ሽልማት አገኘ፤ በጥቂት ገንዘብና ያለ ታላላቅ ዝነኞች ፊልም መሥራት እንደሚቻልም ለብዙ ወጣቶች መንገድ ከፈተ።

የቁጣው ዘመን

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት በካልኩታ የደም ዓመታት ነበሩ። በ1967 በሰሜን ቤንጋል ናክሳልባሪ በምትባል መንደር ገበሬዎች በመሬት ምክንያት ተነሡ፤ ዓመፁም ወደ ከተማ ገብቶ የኮሌጅ ተማሪዎችን ሳበ። ወጣቶቹ ይገድላሉ፤ ፖሊሶችም ወጣቶቹን ይገድላሉ፤ ሥራ አጥነት በዝቷል፤ ከምሥራቅ በኩል ስደተኛው ይጎርፋል። ሚስተር ሴን በዚህን ጊዜ ካሜራቸውን ይዘው ወደ መንገድ ወጡ፤ ‹‹ኢንተርቪው››፣ ‹‹ካልኩታ 71›› እና ‹‹ፓዳቲክ›› የተባሉትን ሦስት ፊልሞችም ከ1970 እስከ 1973 ባለው ጊዜ ውስጥ አከታትለው ሠሩ።

‹‹ኢንተርቪው›› የአንድ ቀን ታሪክ ነው። አንድ ወጣት በእንግሊዞች ኩባንያ ውስጥ ጥሩ ሥራ ሊያገኝ ነው፤ የሚጠየቀው ነገር ቢኖር ለጥያቄው ሲቀርብ የፈረንጅ ሙሉ ልብስ ለብሶ እንዲመጣ ብቻ ነው። ልብሱ ግን በልብስ ንጽሕና ቤት ነው፤ የዚያም ቤት ሠራተኞች ሥራ አቁመዋል። ከብዙ ልፋት በኋላ የተዋሰው ልብስ ደግሞ በመንገድ ይጠፋበታል፤ በመጨረሻም በአገሩ ልብስ በዶቲ ቀርቦ ሥራውን ያጣል። ነጻነት ከተገኘ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ፣ የሰው ችሎታ አሁንም በገዢው ልብስ ይለካል ማለት ነው። በዚህ ፊልም መካከል ተጫዋቹ በትራም ተሳፍሮ ሳለ ወደ ተመልካቹ ዞር ይልና፣ እኔ ራንጂት ማሊክ የምባል ተጫዋች ነኝ፣ እነዚህ ሰዎች ካሜራ ይዘው ይከተሉኛል ብሎ ይናገራል፤ የካሜራው ሰውም ይታያል። ለዚያ ዘመን ተመልካች ይህ አስደናቂ ነገር ነበር። ሴን የፈለጉት ተመልካቹ በሕልም እንዳይወሰድና ጉዳዩ የራሱ መሆኑን እንዲያስብ ነው።

‹‹ካልኩታ 71›› ደግሞ በ1933፣ በ1943፣ በ1953 እና በ1971 የተደረጉ አራት ታሪኮችን አያይዞ ያሳያል። በመጀመሪያው ዝናብ ጎጆዋን የሚያፈርስባት ቤተሰብ፣ በሁለተኛው ረኃብ ክብሯን ያስሸጣት ቤት፣ በሦስተኛው ሩዝ በባቡር ደብቀው እያሳለፉ የሚሸጡ ልጆች፣ በአራተኛው በትልቅ ሆቴል ውስጥ ስለ ድኻው እየተናገሩ የሚጠጡ ሀብታሞች ይታያሉ። ታሪኮቹንም የሚያያይዘው በፖሊስ ጥይት የተገደለ የሃያ ዓመት ወጣት ነው። ድኽነት እየቈየ ሲሄድ ከትዕግሥት ወደ ቁጣ እንዴት እንደሚለወጥ ለማስረዳት የተሠራ ነው።

እነዚህን ፊልሞች ጩኸት የበዛባቸው ናቸው ብለው የነቀፉ አልታጡም፤ ነቀፋውም ከውሸት የተነሣ አይደለም። ይሁን እንጂ ‹‹ፓዳቲክ›› ማለት ‹‹እግረኛው ወታደር›› የተባለው ሦስተኛው ፊልም ሴን ጩኸትን ብቻ የሚያውቁ ሰው እንዳልነበሩ ይመሰክራል። ከፖሊስ ያመለጠ አንድ ወጣት ታጋይ በአንዲት ሀብታም ሴት ቤት ይሸሸጋል፤ በዚያም ሲቀመጥ ለማሰብ ጊዜ ያገኛል። ጠላቱ መንግሥት መሆኑን አይጠራጠርም፤ ነገር ግን የራሱ ፓርቲ መሪዎች ጥያቄ የሚጠይቃቸውን ሁሉ እንደ ከሐዲ ለምን ይቈጥሩታል ብሎ ይጠይቃል። ይህን ፊልም ከግራው ወገን የወቀሱት ሰዎች ነበሩ፤ በትግል ጊዜ ወንድምን መንቀፍ ጠላትን ማገዝ ነው ተባለ። ሴን ግን የማይጠየቅ ነገር የለም በሚለው አሳባቸው ጸኑ። ራስን የመመርመር ጕዟቸው የተጀመረው እንግዲህ በቁጣው ዘመን መካከል ነው።

በ1976 የወጣው ‹‹ምሪጋያ›› ማለት ‹‹ንጉሣዊው አደን›› ለሹማምንትና ለነጋዴዎች በተለይ የሚነገር ታሪክ አለው። በእንግሊዝ ዘመን በዱር የሚኖር አንድ ቀስተኛ አዳኝ ያደነውን አውሬ ለእንግሊዛዊው ሹም እያመጣ ሽልማት ይቀበላል። አንድ ቀን ዓመፀኛ የተባለውን ሰው የገደለ ሌላ ሰው ከመንግሥት ዋጋ ሲቀበል ያያል። ከዚያም የመንደሩ አራጣ አበዳሪ የአዳኙን ሚስት ይወስድበታል፤ አዳኙም ይገድለውና ከአውሬ ሁሉ የከፋውን አውሬ ይዤ መጣሁ ብሎ ለሽልማት ወደ ሹሙ ይቀርባል። ሹሙ በሕጉ መሠረት ይሰቅለዋል፤ ሰውየው ግን ለምን እንደሚሰቀል እስከ መጨረሻው አይገባውም። ሁለቱም በየሕጋቸው ትክክል ናቸው፤ በሁለቱ ሕግ መካከል ግን የሚያስተረጕም ሰው አልነበረም።

በገዛ ቤት ውስጥ ያለ ባላጋራ

በ1977 በምዕራብ ቤንጋል የግራው ወገን ፓርቲዎች በምርጫ ሥልጣን ያዙ። ትናንት ታጋይ የነበረው ዛሬ ሹም ሆነ። በዚህ ጊዜ ሚስተር ሴን ደጋግመው እንደተናገሩት፣ በውጭ ያለውን ጠላት መፈለጉን ተዉና በራሳቸውና በመሰሎቻቸው ውስጥ የተቀመጠውን መፈለግ ጀመሩ። መሰሎቻቸውም የተማሩት፣ ደመወዝተኞቹ፣ መጽሐፍ አንባቢዎቹ የካልኩታ መካከለኛ ኑሮ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ከዚህ በኋላ የሠሯቸው ሦስት ፊልሞች በብዙ ተቺዎች ዘንድ ከሥራቸው ሁሉ የበለጡ ሆነው ይቈጠራሉ።

የመጀመሪያው በ1979 የተሠራው ‹‹ኤክ ዲን ፕራቲዲን›› ነው። ሰባት ነፍስ ያለበትን ቤተሰብ በደመወዟ የምታስተዳድር አንዲት ልጅ አንድ ማታ ሳትመለስ ትቀራለች። እናትና አባት፣ ወንድምና እኅት ሌሊቱን ሁሉ በፖሊስ ጣቢያና በሆስፒታል፣ በሬሳ ቤትም ሳይቀር ሲፈልጓት ያድራሉ፤ በግቢው ያሉት ጎረቤቶች ያንሾካሽካሉ። እየቈየም የሚታወቀው ነገር፣ ቤተሰቡ የፈራው ለልጅቱ ብቻ ሳይሆን ለደመወዟና ለስሙ ጭምር መሆኑ ነው። በነጋ ጊዜ ልጅቱ በደኅና ትመለሳለች፤ ነገር ግን እንኳን ደኅና መጣሽ የሚላት የለም። የት እንዳደረችም ፊልሙ አይናገርም። ተመልካቾች ይህንኑ ሲጠይቋቸው ሴን አላውቅም እያሉ ይመልሱ ነበር፤ ጠያቂው ራሱ ለምን ለማወቅ እንደ ጓጓ እንዲያስብ ነው።

ሁለተኛው በ1980 የተሠራው ‹‹አካሌር ሳንዳኔ›› ማለት ‹‹ረኃብን ፍለጋ›› ነው። አንድ የፊልም ጓድ ስለ 1943 ረኃብ ፊልም ለመሥራት ከካልኩታ ወደ አንድ መንደር ይወርዳል። ሰዎቹ በጎ አሳብ ያላቸው፣ ለድኻው የሚያዝኑ ናቸው። ነገር ግን ብዙ ሆነው ስለ መጡ ከመንደሩ ገበያ ዓሣውንና አትክልቱን፣ ዶሮውንና እንቍላሉን ሁሉ እየገዙ ዋጋውን ያስወድዱታል፤ አንድ የመንደር ሰውም እነዚህ ጌቶች የረኃብን ምስል ሊያነሡ መጥተው ረኃብ አመጡብን ብሎ ይናገራል። ይባስ ብሎ በረኃቡ ዘመን ሰውነቷን የሸጠች ሴት ሆና የምትጫወት ልጅ ከመንደሩ ሲፈልጉ፣ የመንደሩ ታላላቆች ይቈጣሉ። ምክንያቱም ያ ረኃብ ገና ያልዳነ ቍስል ነው፤ በረኃቡ ጊዜ የድኻውን መሬት በጥቂት ሩዝ የገዙ ሰዎች ልጆችም በመንደሩ አሉ። በመጨረሻ አንድ የትምህርት ቤት መምህር ወደ ስቱዲዮአችሁ ብትመለሱ ይሻላል ብለው ይመክሯቸዋል፤ ጓዱም ሥራውን ሳይፈጽም ይሄዳል። ለፊልሙ ሰዎች ስትላላክ የሰነበተችው ድኻ ሴት ብቻዋን ትቀራለች።

በዚህ ፊልም ሴን የከሰሱት ራሳቸውን ነው። የ1943ን ረኃብ ከሃያ ዓመት በፊት በፊልም ያሳዩና የተመሰገኑበት እርሳቸው አይደሉምን? የሌላውን መከራ እያሳየ እንጀራውን የሚበላ ሰው፣ ለዚያ ለመከረኛው ምን መለሰለት? ፊልሙ በ1981 በበርሊን የብር ድብ ሽልማት አገኘ፤ ጥያቄው ግን ከሽልማቱ በኋላም አልተመለሰም።

ሦስተኛው በ1982 የተሠራው ‹‹ካሪጅ›› ነው፤ ትርጕሙ ጉዳዩ ተዘግቷል እንደ ማለት ነው። ባልና ሚስት፣ ሁለቱም የተማሩና ጨዋ ሰዎች፣ አንድ ትንሽ ልጅ በሎሌነት ይቀጥራሉ። አንድ የክረምት ሌሊት ልጁ ብርዱ ጠንቶበት በወጥ ቤት፣ ከሰል በሚነድበት ምድጃ አጠገብ በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ በጭሱም መርዝ ታፍኖ ይሞታል። ፖሊስ ይመጣል፤ ሐኪም ይመረምራል፤ ባለቤቱ ጠበቃ ያማክራል። ወጥ ቤቱ የአየር መውጫ የለውምና ጥፋቱ የቤት አከራዩ ነውን? ወይስ ከደረጃ ሥር ያስተኙት የአሠሪዎቹ? በምርመራው መጨረሻ ማንም ጥፋተኛ አይሆንም፤ ጉዳዩም ይዘጋል።

በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ የምርመራ ወረቀት ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲመልስ የኖረ ሰው፣ ይህን ፊልም ሲመለከት ሳይሸማቀቅ አይቀርም። ‹‹በድንገተኛ አደጋ የሞተ›› የሚለው ቃል ትክክል ነው፤ በየትኛውም ቋንቋ ቢተረጐም አይሳሳትም። ነገር ግን ልጁ አንድ ብርድ ልብስ ተጨምሮለት ቢሆን ኖሮ አይሞትም ነበር፤ ይህም በወረቀቱ ላይ የሚገባበት መስመር የለውም። በመጨረሻ የልጁ አባት ከገጠር መጥቶ ልጁን ካቃጠለ በኋላ ወደ ቤቱ ሲመጣ፣ ባልና ሚስቱ ይመታናል፣ ይሰድበናል ብለው ይፈራሉ። እርሱ ግን እጅ ነሥቶ ይሄዳል። ቢመታቸው ኖሮ በቀለላቸው ነበር። ፊልሙ በ1983 በካን ከተማ የፊልም በዓል የዳኞቹን ሽልማት ተቀብሏል።

የመጨረሻዎቹ ሥራዎች

ከዚህም በኋላ ሴን አላረፉም። በ1983 በሠሩት ‹‹ካንዳር›› ማለት ‹‹ፍርስራሽ›› በተባለው ፊልም፣ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ በፈረሰ ቤት ውስጥ ዕውር እናቷን የምታስታምም ልጅ ያገኛል። እናቲቱ ልጄን ሊያገባ ቃል የገባው ሰው መጣ ብላ ስትደሰት፣ እርሱ አይደለሁም ለማለት ጨክኖ አይናገርም። ነገር ግን የልጅቱን ፎቶግራፍ አንሥቶ ወደ ከተማው ይመለሳል። ምስሉ በእጁ ቀረ፤ ልጅቱ በፍርስራሹ ውስጥ ቀረች። በ1986 የወጣው ‹‹ጄነሲስ›› ደግሞ ከድርቅ የሸሹ አንድ ገበሬና አንድ ሸማኔ በባዶ መንደር ሠርተው ሲኖሩ፣ የሚያስፈልጋቸውን እያመጣ የድካማቸውን ፍሬ የሚወስድ አንድ ነጋዴ እንዴት በልካቸው እንደ ነገሠ በምሳሌ ያሳያል።

የበርሊን ግንብ በ1989 ፈርሶ የሶሻሊስት መንግሥታት በወደቁ ጊዜም፣ በ1991 ‹‹ማሃፕሪቲቪ››ን ሠሩ። ልጇ በ1970ዎቹ ዓመታት ለዓላማው የሞተባት አንዲት እናት፣ ዓላማው ራሱ ሲፈርስ ባየች ጊዜ ልጄ በከንቱ ሞተን የሚለውን ጥያቄ መሸከም አቅቷት ራሷን ታጠፋለች። ሚስተር ሴን አሳባቸውን ለድል አድራጊው አልሸጡም፤ የተሸነፈውንም አሳብ እንዳልተሸነፈ አስመስለው አላቀረቡትም። የመጨረሻው ፊልማቸው ‹‹አማር ቡቫን›› ማለት ‹‹የእኔ ዓለም›› በ2002 ሲወጣ ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ ተቃርቦ ነበር።

የሕንድ መንግሥት በፊልም ሥራ ከፍተኛ የሆነውን የዳዳሳሄብ ፋልኬን ሽልማት ሰጥቷቸዋል፤ የሕንድ ላዕላይ ምክር ቤት አባልም ሆነው ተሹመው ነበር። ባለቤታቸው በ2017 ስታርፍ፣ እርሳቸውም ዲሴምበር 30 ቀን 2018 በካልኩታ በ95 ዓመታቸው ዐረፉ። በተናዘዙት መሠረት በሬሳቸው ላይ የአበባ ጕንጕን አልተቀመጠም፤ ሕዝብ የሚሰናበትበት ሥርዓትም አልተደረገም።

ለእኛ ምን ይተርፋል?

የሚስተር ሴን ፊልሞች ብዙ ገንዘብ አላስገኙም፤ ብዙዎቹም በትልልቅ ሲኒማ ቤቶች ለረጅም ጊዜ አልታዩም። በፖለቲካ አሳባቸው የማይስማማ ሰው ብዙ ነው፤ መስማማትም ግዴታ አይደለም። ነገር ግን የሥራቸውን አካሄድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳይማር አይቀርም። መጀመሪያ ስለ መከራ አዘኑ፤ ቀጥሎ መከራውን ባመጡት ላይ ተቈጡ፤ በመጨረሻም ከመከራው የእኔ ድርሻ ስንት ነው ብለው ጠየቁ። ብዙ ሰው ከሁለተኛው ደረጃ አያልፍም፤ ቁጣ ራሱን እንደ ጽድቅ አድርጎ ያሳያልና።

ፋይል የሚያገላብጥ ሹምና ሚዛን የሚይዝ ነጋዴ በየቀኑ ከሰው ኑሮ ጋር የተገናኘ ሥራ ይሠራሉ። ሹሙ ጉዳዩ ተዘግቷል ብሎ ሲጽፍ ከተዘጋው ጉዳይ ኋላ የቆመ ሰው አለ፤ ነጋዴውም በአንድ ገበያ የተገኘውን ሁሉ ሲሰበስብ ማታ ባዶ ዘንቢል ይዞ የሚመለስ ሰው አለ። ሁለቱም ሕግ አላፈረሱ ይሆናል። የቤንጋሉ ፊልም ሠሪ ሲጠይቁ የኖሩት ግን ከሕጉ በኋላ ስለሚቀረው ነገር ነው፤ ያንንም ጥያቄ በመጀመሪያ ያቀረቡት ለራሳቸው ስለ ነበር፣ ሌላውን ለመጠየቅ መብት ነበራቸው።